ተሾመች ያሸነፈችበት ክርክር

ተሾመች ሰው ፊት ቆማ ያልሆነውን ሆነ ብላ የተናገረችበት ቀን የለም። ይህን የምለው ላሞግሳት ብዬ አይደለም። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶችም፣ አከራይዋም፣ አብረዋት የሚጸልዩትም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ አንዳንዶቹ ደስ እያላቸው፣ አንዳንዶቹ እየተማረሩ። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በምትሠራበት የልብስ ስፌት ድርጅት አንዲት ልጅ አርፍዳ ኖሮ፣ ባልደረቦቿ ለአለቃቸው «ሽንት ቤት ናት» ሊሉ ተስማምተው ነበር። አለቃው ግን ከሁሉ መርጦ ተሾመችን ጠየቃት። «አልመጣችም» አለች። ልጅቷ ወር ሙሉ አኩርፋት ከረመች፤ ተሾመችም ወር ሙሉ ሰላም እያለቻት ከረመች።

ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ያደገችው ሆሳዕና አካባቢ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቷ አዲስ አበባ መጣች። ቤት ሠራተኛ ሆነች፣ ሆቴል ዕቃ አጠበች፣ በኋላ ስፌት ተማረች። ሀና ማርያም፣ ጋሽ ጌቱ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ መኖር ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት አለፋት። ባል አላገባችም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ «አልመጣም፣ አልሄድኩም» ትላለች። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ተመዘገበች። እኔ የማውቃት ከዚያ ወዲህ ነው። አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ነን፤ ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ በሳምንቱ ውስጥ ደግሞ ሁለት ቀን ከሥራ መልስ እንማራለን።

አንድ ነገር ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። በተሾመች ቤተ ክርስቲያን ሰው ተነሥቶ ጉባኤ ፊት የሚቆመው ለመመስከር ነው። የደረሰበትን፣ ያየውን፣ ጌታ ያደረገለትን ይናገራል፤ ጉባኤው «አሜን» ይላል። በአፍ የወጣ ነገር እንደ ተራ ነገር አይታይም፤ «ታወጀ» ይባላል። ክፉ ነገር ከአፉ ያመለጠው ሰው እዚያው «በጌታ ስም ሽሬዋለሁ» ብሎ ይመልሰዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ ለቡ መብራት ኃይል፣ ዶርቃ የምትባል እህት ቤት ውስጥ ኅብረት አላቸው። በዚህ ኅብረት ውስጥ ስለ ሰላም የሚጸለየውን ክፍል ለስድስት ዓመት የመራችው ተሾመች ናት። ጦርነት ያለበትን አገር ሁሉ በስሙ እየጠራች ትጸልያለች። ለምን እሷን እንደመረጧት ዶርቃን ጠይቄያት ነበር። «ተሹ የማታምንበትን አትጸልይማ» አለችኝ።

የታሪክ መምህራችን መምህር እንግዳ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ከተሾመች ያንሳሉ። ክርክር ይወዳሉ። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለመጀመሪያው ዙር አምስት ርዕስ አወጡ። ለእያንዳንዱ ርዕስ ሁለት ሰው፣ አንድ ደጋፊና አንድ ተቃዋሚ ይከራከራል፤ ከመቶ ሃያው ማርክ በዚያ ይያዛል። ወረቀት ጠቅልለው ኮፍያቸው ውስጥ ጨመሩና ዕጣ አስወጡን። ለተሾመች የደረሳት ሦስተኛው ርዕስ ነበር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጻፉት፦ «አሜሪካ በጃፓን ከተሞች ላይ አቶሚክ ቦምብ ለመጣል የወሰነችው ውሳኔ ትክክል ነበር።» ከሥሩ «ደጋፊ ተሾመች፣ ተቃዋሚ ሀኒፋ» ብለው ጨመሩ።

ተሾመች ተነሣች። «ቲቸር፣ ይሄ የኔ አይደለም።»

«ከኮፍያው ያወጣሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«አውጥቻለሁ። ግን አላምንበትም።»

«እመኚበት መች አልኩሽ? የደረሰሽን ወገን ይዘሽ ትከራከሪያለሽ፣ በቃ። ጠበቃ እንደዚያ አይደል የሚያደርገው?»

«ጠበቃ አይደለሁማ።»

ከኋላ ሚሳኤል፣ ባጃጅ የሚነዳው ቀልደኛ፣ «ማዘር፣ አንቺ እኮ አይደለሽም የምትጥዪው! እሱ ድሮ ተጥሎ አልቋል!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ ሳቀ። ተሾመች አልሳቀችም። ሀኒፋ እንድትቀይራት ጠየቀች። ሀኒፋ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ የሞባይል ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ሰው የማሳመን ችግር የለባትም። «እኔ ደስ ይለኛል» አለች። መምህር እንግዳ ግን «ዕጣ አይቀየርም» አሉ።

አንድ ሳምንት ነበራት። መጽሐፉ ላይ ያለው ግማሽ ገጽ ነው። ስለዚህ ሰው መጠየቅ ጀመረች። ምሳ ሰዓት ላይ የስፌት ባልደረቦቿ እንደተቀመጡ፦

«ልጠይቃችሁ። ጦርነት ለማስቆም ተብሎ ከተማ ይቃጠላል?»

«የማን ከተማ?» አለች ጫልቱ አፏን ሞልታ።

«የጠላት።»

«ሰዎቹ ወጥተዋል ወይስ ውስጥ ናቸው?»

«ውስጥ ናቸው።»

«ልጆችም?»

«ልጆችም።»

ጫልቱ አላምጣ ዋጠች። «አንቺ ሴትዮ፣ ምሳ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? በይ ሽሮሽን ብዪ።»

ጋሽ ጌቱ ድሮ የጦር ሠራዊት ሹፌር ነበሩ። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ጠየቀቻቸው። «ትክክል ነው» አሉ ሳያመነቱ። «ጦርነት ሲረዝም ምን እንደሆነ እኔን ጠይቂኝ። አንዴ ድም አለ፣ አለቀ። የሚጫን ቁስለኛ የለ፣ ምን የለ።» ይህን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ማምሻውን በር ሲከፍቱላት «ተሾመች፣ የጠዋቱን ሰርዢው» አሏት። «ሀና ማርያም ሳስቀድስ አሰብኩት። ሕፃን ምን አደረገ? ይሄ የሰይጣን ሥራ ነው።» ሰረዘችው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ መንገድ ላይ አስቆሟት። «ልጄ፣ እኔ እንጃ። ሁለቱንም ጻፊውና መምህሩ ይምረጥ።»

በመጨረሻ አንድ ገጽ ሞላች። አሜሪካኖቹ ጥቂት ወራት ቆይተው በባሕር ተሻግረው ጃፓን ውስጥ ሊገቡ አቅደው እንደነበር፤ ቢገቡ ከሁለቱም ወገን ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ያልቅ ነበር እንደሚባል፤ ከዚያ በፊት በደሴቶቹ ላይ በተደረገው ውጊያ የሞተው ሰው ብዛት፤ ሁለተኛው ቦምብ በተጣለ በሳምንት ውስጥ ጃፓን እጄን ሰጠሁ ማለቷ። ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ግን «ደጋፊዎች እንደሚሉት» ብሎ ይጀምራል። አንድ ገጽ ላይ አሥራ ሰባት ጊዜ። ይህን ያደረገችው ሆነ ብላ ነው። የሌላ ሰው ንግግር ነው የማነብላችሁ፣ የኔ አፍ የለበትም ማለቷ ነበር። ወረቀቱን ለኔ ስታሳየኝ ፊቷ ላይ እፎይታ ነበር። እኔም ብልህ ናት ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። አርባ አንድ ነበርን። መምህር እንግዳ ክርክሩ ሳይጀመር እጅ አስወጡን። ውሳኔው ትክክል ነበር ያሉት አሥራ አራት ናቸው። ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ከዚያ ተሾመች ወጣች።

«ደጋፊዎች እንደሚሉት፣ በሐምሌ ሠላሳ ቀን 1937 ዓመተ ምሕረት ሂሮሺማ በምትባል ከተማ ላይ የመጀመሪያው ቦምብ ተጣለ። ደጋፊዎች እንደሚሉት፣ ከሦስት ቀን በኋላ ናጋሳኪ በምትባል ከተማ ላይ ሁለተኛው ተጣለ። ደጋፊዎች እንደሚሉት—»

«ተሾመች» አሉ መምህር እንግዳ፣ በደግነት ነው ያሉት። «መጣሉንማ ተቃዋሚዎችም ይላሉ። 'እንደሚሉት' የሚለውን ተይው። ዛሬ ደጋፊዋ አንቺ ነሽ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ወረቀቱን አየች። 'እንደሚሉት' ከወጣ ወረቀቱ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም መሰለኝ፤ አጠፈችውና ያዘችው። ሚሳኤል እንኳ አልቀለደም። ከዚያ እንደለመደችው፣ በሌላ መንገድ ሰው ፊት መናገር ስለማታውቅ፣ «የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ» አለች።

የክፍሉ ግማሽ ሳያስበው «አሜን!» ብሎ መለሰ። ሌላው ግማሽ ሳቀ። «ፕሮግራም ተጀመረ!» አለ ሚሳኤል። ተሾመችም ራሷ ፈገግ አለች፤ ትከሻዋ ወረድ አለ። ከዚያ በኋላ የሰማነው ክርክር አልነበረም።

«ወንድም ነበረኝ» አለች። «ሙሴ ይባላል። በዘጠና አንድ ተመዝግቦ ወደ ሰሜን ዘመተ። እሱ ሃያ ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ ሁለት። ሁለት ደብዳቤ ጻፈልን። ሁለተኛው ላይ 'ጥቁሩን ጫማዬን ለማንም እንዳትሰጡ' ይላል። ሰኔ ዘጠና ሁለት ላይ ተኩስ ቆመ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። እናቴ ሠፈሩን እየዞረች 'ልጄ ሊመጣ ነው' አለች። ጫማውን ቀባሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀባሁት። መርዶው ሲመጣ ለካ ሙሴ የሞተው ግንቦት ላይ ነው። ተኩሱ ሊቆም ሦስት ሳምንት ሲቀረው።»

የታጠፈውን ወረቀት ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እውነቱን ተናገሪ ካላችሁኝ ልናገር። በዚያ ግንቦት አንድ ሰው በራችን ላይ መጥቶ 'አንድ ከተማ ይቃጠላል፣ ጦርነቱ ዛሬ ያልቃል፣ ሙሴ ይመለሳል' ቢለኝ፣ የማን ከተማ ነው ብዬ እጠይቀው ነበር? አልጠይቀውም። ልጆች አሉበት ወይ እለው ነበር? እኔም ልጅ ነበርኩ፣ አልለውም። አቃጥለው ነበር የምለው። አቃጥለውና ሙሴን መልስልኝ። አሜሪካ ያሉት እናቶችም ልጆቻቸው መርከብ ላይ ሆነው ወደ ጃፓን ሊገቡ ተራ ሲጠብቁ ነበር። ጫማ የሚቀቡ እህቶች ነበሯቸው። እነሱ ተመለሱላቸው። ስለዚህ ትክክል ነበር። ትክክል ነበር!»

የመጨረሻውን ስትል ድምጿ እንደ ምስክርነት መዝጊያ ከፍ አለ። «አሜን» ያለው የቤተ ክርስቲያኗ ሰው ብቻ አልነበረም። በየዓመቱ ቁልቢ የሚሄደው ሚሳኤልም አሜን ብሏል፤ አጠገቤ ስለነበር ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። አንዲት ሴት ታለቅሳለች።

ሀኒፋ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ተዘጋጅታለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ከስልኳ ስታነብ ነበር። ጃፓን ቀድሞውንም ተዳክማ ስለነበር ያለ ቦምቡም ጦርነቱ ያልቅ ነበር የሚሉ የታሪክ ሰዎች እንዳሉ፣ ሶቪየት ኅብረትም በዚያው ሳምንት ጦርነት እንዳወጀችባት ነገረችን። ቀጥላም ስለ ኮኩራ ነገረችን። ሁለተኛው ቦምብ የታቀደው ለዚህች ከተማ ነበር። አውሮፕላኑ በላይዋ ቢመላለስም ደመናና ጭስ ስለሸፈናት ወደ ናጋሳኪ ዞረ። «ሰማዩ ጠርቶ ቢሆን የሚሞቱት ሌሎች ሰዎች ነበሩ» አለች ሀኒፋ። «ይሄ ታስቦበት የተወሰነ ውሳኔ ነው? ሰዎቹ ለምን እንደሚሞቱ ሳይሆን፣ ከላይ ይታያሉ ወይ የሚለው ነው እኮ...» አልጨረሰችውም። ወደ ተሾመች አየችና «በቃኝ ቲቸር» ብላ ተቀመጠች።

መምህር እንግዳ እንደገና እጅ አስወጡን። ሠላሳ ሦስት። እኔም እጄን ካወጡት አንዱ ነኝ። ከክርክሩ በፊት አላወጣሁም ነበር። ለምን እንዳወጣሁ ብዙ ቀን አሰብኩበት፤ የሙሴን ጫማ እንጂ ከተማ አልታየኝም ነበር።

«ክርክር ማለት ይሄ ነው!» አሉ መምህሩ ሰሌዳውን በጠመኔ መታ እያደረጉ። «አሥራ ዘጠኝ ሰው! አሥራ ዘጠኝ ሰው ሐሳቡን ቀየረ! ተሾመች፣ ሃያ ከሃያ።»

«ቲቸር፣ እኔ ግን...»

«እዚህ ላይ 'ግን' የለም!»

ሁሉም እየሳቀ ወጣ።

ሀኒፋም ቤቷ በሀና ማርያም በኩል ስለሆነ ታክሲ ሰልፍ ላይ አብረው ቆሙ። ቀጥሎ ያለውን ሁለቱም ለየብቻቸው ነግረውኛል፤ የሁለቱም አንድ ነው።

«ተሹዬ፣ ልንገርሽ?» አለች ሀኒፋ። «እኔም እጄን አወጣሁ።»

«ለማን?»

«ላንቺ ነዋ።»

«አንቺ እኮ ተቃዋሚ ነሽ!»

«ተቃዋሚ ያደረገኝ ዕጣው ነው። ግን ሳነብ፣ ሳነብ፣ የእውነት ተቃዋሚ ሆኜ ነበር። እዚያ የሞቱትን ልጆች ፎቶ ሳይ ምግብ አልበላ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንቺ ተናገርሽ።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «አመንኩሽ።»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ረዳቱ «ሁለት ሰው! የመጨረሻ ሁለት ሰው!» ይላል። ገብተው የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቀው ተቀመጡ። ተሾመች «ልጆቹስ?» አለች።

«የቶቹ ልጆች?»

«ፎቶ ላይ ያየሻቸው።»

«አንቺ 'አልጠይቅም' አላልሽም እንዴ?»

«ብያለሁ።»

«ውሸትሽን ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ሆነሻል? አሸንፈሽ ታኮርፊያለሽ?» አለች ሀኒፋ።

ማክሰኞ ዶርቃ ቤት ሰባት ሴቶች ነበሩ። ዝማሬው አልቆ ስለ ሰላም የሚጸለይበት ተራ ሲደርስ ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። ተሾመች ግን አልጀመረችም።

«እህቶች፣ መጀመሪያ የምሽረው ነገር አለ» አለች። «ቅዳሜ ሰው ፊት አንድ ነገር አውጄአለሁ።»

«ምን አወጅሽ?» አለች ዶርቃ።

«ከተማ ይቃጠል ብዬ።»

«በኢየሱስ ስም!» አለች አንዷ። ዶርቃ ማንንም አልጠበቀችም፤ እጇን ተሾመች ራስ ላይ ጫነች። ዶርቃ ፈጣን ሴት ናት፣ ጸሎቷም ፈጣን ነው። «በጌታ በኢየሱስ ስም ከአፏ የወጣውን ቃል ሁሉ ሽረነዋል! ፈርሷል! ተደምስሷል!»

«አሜን! አሜን!»

«ቆዩ» አለች ተሾመች ከዶርቃ እጅ ሥር። «ሁሉንም አይደለም።»

ዶርቃ እጇን አነሣች። «እንዴት ሁሉንም አይደለም?»

«ስለ ሙሴ የተናገርኩት እውነት ነው። እሱ አይሻርም።»

«እሱን ማን ሻረው? ከተማውን ነው የሻርነው።»

«ከተማውን ያልኩት ስለ ሙሴ ብዬ ነው። እውነቴን ነበር ያልኩት። አሁንም ቢመጣና ቢጠይቀኝ...» አልጨረሰችውም። «አንዱን ስሽረው ሌላው አብሮ የሚሄድ ይመስለኛል።»

«እና የቱን ነው የምንሽረው ተሹ? ንገሪን፣ እሱን እንሽራለን።»

«እሱን ነው ያላወቅኩት» አለች።

የዚያን ቀን ስለ ሰላም ሳይጸለይ ቀረ። ዶርቃ እንደነገረችኝ በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። ሻይ ጠጥተው ስለ ቤት ኪራይ አውርተው ተለያዩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አመሠራረት የሚል ርዕስ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ነበር። ተሾመች ሁለት ደቂቃ ለመነች። መምህር እንግዳ ሰዓታቸውን አይተው «ሁለት ብቻ» አሉ።

ወጥታ ቆመች። በዚህ ጊዜ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ አላለችም።

«ባለፈው ስለ ወንድሜ የነገርኳችሁ እውነት ነው» አለች። «አቃጥለው እል ነበር ያልኩትም እውነት ነው። ቀጥዬ 'ስለዚህ ትክክል ነበር' ያልኩትን ግን አላውቀውም። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስለ ወንድሟ ብላ የምትለው ነገር ለአንድ አገር ውሳኔ ይሆናል ወይ? እንጃ። ላይሆን ይችላል። ደግሞ ይሆናል የሚል ሰው ቢመጣ የምመልስለት የለኝም። እና እጃችሁን ያወጣችሁት ለሙሴ ከሆነ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለቦምቡ ከሆነ ግን መልሱት።»

«እጅ እንዴት ነው የሚመለሰው ማዘር?» አለ ሚሳኤል፤ ግን የቀልድ ድምፅ አልነበረም።

መምህር እንግዳ ጠመኔውን በእጃቸው ሲያገላብጡ ቆዩ። «ማርኩን ለመመለስ ከሆነ አይመለስም፣ ተመዝግቧል» አሉ። ከዚያ ለራሳቸውም ግራ እንደገባቸው ሰው «እስቲ እንደገና እጅ እናውጣ?» አሉ። ተስማማን። ትክክል ነበር የሚል ሲባል አሥራ ስምንት እጅ ወጣ። ትክክል አልነበረም የሚል ሲባል አሥር ወጣ። አርባ አንድ ነበርን። መምህሩ ደመሩት፣ እንደገና ቆጠሩን፤ አሥራ ሦስታችን የትም አልነበርንም። «እናንተስ?» አሉን።

ተሾመች ቁጥሩን አልተከታተለችም። የምታየው አንድ እጅ ብቻ ነበር። ሀኒፋ፣ ትክክል ነበር ሲባል፣ እንደ በፊቱ አውጥታለች።

«ሀኒፋ» አለቻት እዚያው ቆማ። «እኔ እኮ አላውቅም አልኩ።»

«ሰማሁሽ።»

«ታዲያ አንቺ ለምን?»

«ያንቺን አይደለም የያዝኩት፣ የራሴን ነው» አለች ሀኒፋ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን ክፍሉ ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማ። «አቃጥለው ስትዪ፣ እኔም በልቤ ይቃጠል የምለው ከተማ እንዳለኝ አወቅኩ። ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። አንቺ ብትመልሺውም እኔ ጋ ያለው አይመለስም።»

«የቱ ከተማ ነው?»

«አልነግርሽም።»

ተሾመች ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች። መምህር እንግዳ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት» ብለው ማጻፍ ጀመሩ። እሷም ደብተሯን አውጥታ እንደ ሁላችንም ጻፈች።

ይህ ከሆነ ሦስት ወር አለፈ። ሥራዋን ትሠራለች፣ ትምህርቷን ትማራለች፤ በሒሳብ ከኔ ትበልጣለች። ከሀኒፋ ጋር ታክሲ ሰልፍ ላይ አሁንም ይጨቃጨቃሉ። የሚገርመው ነገር ቦታ ተቀያይረዋል፤ ተሾመች ስለ ልጆቹና ስለ ደመናው ታነሣለች፣ ሀኒፋ ስለ እናቶቹና ስለ ጫማው። ማንም ማንንም አያሳምንም። አንድ ቀን ከኋላቸው የቆሙ ሽማግሌ «ልጆች፣ ጃፓን የት ነው ያለው? እናንተን ምን አገባችሁ?» አሏቸው። ሁለቱም ዞረው ሊመልሱላቸው ሲሉ ታክሲው መጣ።

ማክሰኞ ማክሰኞም አልቀረችም። የሰላሙን ጸሎት ግን ትሕትና ለምትባል ወጣት አስረክባለች። ዶርቃ «እስከ መቼ ነው?» ብትላት «እስክለየው» ብላ ነበር። ምኑን እንደሆነ ዶርቃ አልጠየቀችም። ትሕትና ጥሩ ድምፅ አላት፣ አገሮቹንም በስማቸው መጥራት ተምራለች። ያለፈው ማክሰኞ እንደ ልማዷ ስትጸልይ «ጌታ ሆይ፣ ጦርነቱ ቶሎ ይለቅ!» አለች። ስድስቱ «አሜን!» አሉ።

«ቶሎ ስትዪ፣ በምን?» አለች ተሾመች።

ሁሉም ዓይኑን ገለጠ። «ተሹ!» አለች ዶርቃ። «ጸሎት ላይ ነን እኮ!»

«አውቃለሁ፣ ይቅርታ። በምን እንዲያልቅ ነው የምትጸልዪው? እሱን ሳልሰማ አሜን ማለት አቃተኝ።»

ትሕትና ሁሉንም በየተራ አየች። «በምን እንደሆነማ ጌታ ያውቃል እህት ተሾመች» አለች።

ተሾመች ይህን ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ «ይሁን። ቀጥዪ በቃ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። የቀሩትም ጨፈኑ። ትሕትና ግን የቱ ጋ እንዳቆመች ጠፋት፤ ከመጀመሪያው አገር ጀመረች።